ደም ከመላክዎ በፊት ሬቲናዎን ይታዩ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 47 ዓመቴ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ባዶ ሆዴን ስለካ ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 140 ነው። እናቴም ስኳር አለባት፤ ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመት አልፎታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በደም የሚሠራ የዘረመል ምርመራ እንዳለ፣ ስኳሩ ወደ ዓይን ይሄድ አይሄድ እንደሚናገር ነገረኝ። እዚህም ደም ወስዶ ውጭ አገር የሚልክ ላብራቶሪ አገኘሁ። ዋጋው ከሁለት ወር ደሞዜ ይበልጣል። እኔ አሁን በደንብ አያለሁ። መነጽር ቤትም ታይቼ ‹ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ የማንበቢያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ› ተብያለሁ። ምርመራውን ላድርገው? ሁለት ልጆቼንስ ላስመርምራቸው?»

ምላሽ፦ አያድርጉት። ገንዘብዎን ይያዙ። በምትኩ በዚህ ወር ውስጥ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎልዎት የዓይንዎ ውስጥ ይታይ። ከጻፉት እንደተረዳሁት በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሬቲናዎን፣ የዓይንዎን የኋላ ሽፋን፣ ያየ ሰው የለም። ከዘረመሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

«በደንብ አያለሁ» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ያዘናጋ ቃል ነውና። ስኳር አጥብቆ የሚጎዳው የዓይንን የኋላ ክፍል ነው፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ሬቲና የሚቀልቡትን ከጸጉር የቀጠኑ የደም ስሮች ያጠቃል። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ስሮቹን ግድግዳ ደግፈው የሚይዙት ሴሎች ይሞታሉ። ግድግዳው ይሳሳል፣ እዚህም እዚያም ይወጠራል። ከዚያ ውሃና ቅባት ያፈስሳል፣ ይደማል፣ አንዳንዱ ስርም ጭራሽ ይዘጋል። ደም ያጣው የሬቲና ክፍል ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል፤ አዳዲስ የደም ስር እንዲበቅል የሚያደርገው እሱ ነው። አዲሶቹ ስሮች ደካሞች ናቸው። በቀላሉ ይቀደዱና ዓይን ውስጥ ይደማሉ፤ ጠባሳ ሲሠሩም ሬቲናን ጎትተው ከቦታው ይነቅላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። ማኩላ የሚባለው የሬቲና መሃል እስካልተነካ ድረስ የታክሲ ታፔላ ከሩቅ ይነበባል። በእንግሊዝ አገር በተደረገው ትልቁ የስኳር ጥናት፣ ዩኬፒዲኤስ በሚባለው፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር (ብዙ ጊዜ በአዋቂነት የሚጀምረው፣ እንደ እርስዎ ያለው) እንዳለባቸው ገና ከታወቀ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሬቲናው ላይ ለውጥ ተገኝቶበታል። ስኳሩ ከመታወቁ በፊት ዓመታት ተቀምጧል ማለት ነው። የእርስዎም ስድስት ዓመት የሚቆጠረው ከታወቀበት ቀን ነው፤ የጀመረበትን ቀን ማንም አያውቀውም።

መነጽር ቤት ያዩዎት ሰው አልዋሹዎትም። የለኩት ግን የማየት ጥራትዎን ነው። ፊደል ማንበብ መቻልና ሬቲና ጤነኛ መሆን ለየቅል ናቸው።

ባዶ ሆድ ከ130 እስከ 140 ክፉ የሚባል ቁጥር አይደለም፤ ለብዙ አዋቂ ከሚመከረው ከ80 እስከ 130 ግን ትንሽ ያልፋል። ደግሞም የጠዋት ቁጥር የጠዋቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ከምሳ በኋላ 250 ገብቶ ማታ የሚወርድ ስኳር ጠዋት ላይ አይታይም። ስለዚህ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ ያሠሩ። ለአብዛኛው ሰው ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። የደም ማነስ ካለብዎ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊያሳስት ስለሚችል አብረው ይንገሩ።

የእናትዎ ነገር ልብ የሚነካ ነው፤ ፍርሃትዎም ይገባኛል። በቤተሰብ የመደጋገም ነገር አለ። በተለይ ከባዱ ደረጃ፣ አዲስ ደም ስር የሚበቅልበት፣ በወንድምና በእህት መካከል አብሮ ሲታይ ይገኛል። ግን ከእናትዎ የወረሱት ጂን ብቻ አይደለም። ያደጉበት ማዕድ አንድ ነው፣ የደም ግፊትም በቤተሰብ ይሄዳል። እናትዎ ስኳሩ ሳይታወቅ ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ፣ ሲታወቅስ መድኃኒት በስንት ጊዜ ያገኙ እንደነበር ያስቡት። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዓይናቸው በምን እንደጠፋ በሐኪም ተረጋግጧል? «ከስኳር ነው» ተብሎ ቤት የተቀመጠ፣ ሲታይ ግን ሞራ ወይም ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) የሚገኝበት ሰው አለ። ሞራ በስኳር በሽተኛ ላይ ቶሎ ይመጣል፤ በቀዶ ሕክምናም ይነሳል። ሲሄዱ እናትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። የተጎዳው ሬቲና ከሆነም ቁርጡ ይታወቃል።

አሁን ወደ ደሙ። ወንድምዎ የሰማው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ምርምሩ እውነተኛ ነው፣ እኔም በጉጉት እከታተለዋለሁ። ችግሩ «የዘረመል ምርመራ» በሚለው ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው መሸጣቸው ነው።

አንደኛው ከእናትና ከአባት የወረስነው ዲኤንኤ ነው። ሲወለዱ የነበረው ዛሬም ያው ነው፤ ስኳርዎ ቢወጣም ቢወርድም አይቀየርም። ተመራማሪዎች ስኳር ዓይናቸውን የጎዳባቸውንና ያልጎዳባቸውን ሰዎች ዲኤንኤ እያነጻጸሩ ልዩነት ሲፈልጉ ቆይተዋል። ቪኢጂኤፍን የሚሠራው ጂን ተፈትሿል። ስኳርን ሶርቢቶል ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር የሚቀይረው ኤንዛይም ጂንም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጂአርቢ2 ከሚባል ጂን አጠገብ ያለ ልዩነት ለዓይን ከሚያሰጋ የሬቲና ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ ጥናት ወጥቷል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ልዩነት ድርሻ ትንሽ ነው፤ በአንዱ ሕዝብ የታየው በሌላው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አንድ ሰው ያ የጂን ልዩነት ኖሮት ሳይጎዳ ይኖራል፣ ሌላው ሳይኖረው ይጎዳል።

ሁለተኛው ማይክሮ አርኤንኤ ነው። 22 የዘረመል ፊደል ገደማ ብቻ ያላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሥራቸው የትኛው ጂን ምን ያህል እንዲሠራ መቆጣጠር ነው። የእነሱ መገኘት ለቪክተር አምብሮስና ለጋሪ ረቭከን የ2024ን (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤል አስገኝቷል። ከሴል ወጥተው ደም ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ይለካሉ። ከዲኤንኤ የሚለዩት እንደ ሰውነታችን ሁኔታ ከፍና ዝቅ በማለታቸው ነው። ቁጥር 126 የተሰጠው በደም ስር ውስጠኛ ሽፋን በብዛት የሚሠራ ነው፤ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ የተገኘበት ጥናት አለ። 21፣ 146ኤ እና 320ኤ የሚባሉትም ከሬቲና ጉዳት ጋር ተያይዘው ተጠንተዋል። እኔ ከሦስቱ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ነው፤ ያለንበትን ሁኔታ የመናገር ዕድል ስላለው።

ሦስተኛው ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፍ ኬሚካዊ ምልክት ነው። ፊደሉ ሳይቀየር አነባበቡ ይቀየራል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቶ ቢስተካከልም ጉዳቱ ለምን እንደሚቀጥል ከሚያስረዱ ነገሮች አንዱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ለምን አያድርጉት አልኩ? ጥያቄዎ ራሱ «ወደ ዓይኔ ይሄዳል አይሄድም» የሚል ነው። ስኳር 20 ዓመት ሲሞላው አንደኛው ዓይነት (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ካለባቸው ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ሁለተኛው ዓይነት ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላዩ ሬቲናው ላይ የሆነ ለውጥ ይኖረዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር መቼ ይመጣል፣ ምን ያህል ይከብዳል፣ በጊዜ ይደረስበታል ወይ የሚለው ነው። የዛሬው የደም ምርመራ ይህን ለአንድ ሰው ለይቶ አይናገርም። የሚሰጥዎት ግምት ነው። የተጎዱትና ያልተጎዱት ሰዎች የምርመራ ቁጥሮች ደግሞ በጣም ስለሚደራረቡ ግምቱ ለእርስዎ ለብቻዎ ሲሆን ይላላል። አስቡት፤ ጥናቱ ውስጥ «ያልተጎዳ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ስኳሩ አምስት ዓመቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተጎጂዎቹ ጋ ይመዘገባል። የኩላሊት ጉዳትና የልብ ሕመምም ከእነዚህ ማይክሮ አርኤንኤዎች ብዙዎቹን ይለዋውጣሉ፤ ስለዚህ የታየው ለውጥ የዓይን ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

የእኛ አገር ጉዳይ ደግሞ አለ። እስካሁን በዓለም ላይ ከተጠናው ዲኤንኤ አብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተወሰደ ነው። በዘረመል ብዝኃነት ግን አፍሪካን የሚያክል የለም። በእነሱ ላይ የተሠራ፣ ከብዙ የጂን ልዩነቶች ተደምሮ የሚወጣ የስጋት ነጥብ እኛ ላይ ሲሰላ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ለኢትዮጵያዊ «ዝቅተኛ ስጋት» ብሎ የሚጽፍ ወረቀት በማን ልክ ተሰፍቶ እንደመጣ መጠየቅ አለበት።

ሌላው የደሙ ጉዞ ነው። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቀይ የደም ሴልና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) በራሳቸው በማይክሮ አርኤንኤ የተሞሉ ናቸው። ደሙ በቱቦ ውስጥ ሰዓታት ከቆየ፣ ከተናወጠ ወይም ከሞቀ ሴሎቹ ይፈነዱና ያላቸውን ያፈስሳሉ። ቱቦው ላይ ፈሳሹ ወደ ሮዝ ሲያደላ በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ የሚለካው የደም ስርዎ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ የጉዞው ውጤት ይሆናል። ዲኤንኤ ለጉዞ የተሻለ ይችላል፤ የማይክሮ አርኤንኤ ልኬት ግን በቀላሉ ይዛባል።

በእነዚህ ምክንያቶች ነው የአሜሪካ የስኳር ማኅበርም ሆነ ዓለም አቀፉ የዓይን ሕክምና ምክር ቤት በመመሪያዎቻቸው ሬቲናን በዓይን ወይም በካሜራ ማየትን የሚያዝዙት፤ የደም ዘረመል ምርመራን አያዝዙም። ዓይን በሰውነታችን ውስጥ ሳይቀደድ የደም ስር በቀጥታ የሚታይበት ቦታ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ እንደሆነ ለማወቅ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየት እየተቻለ የዝናብ ትንበያ መግዛት አይገባኝም።

በጣም የምፈራው ደግሞ ጥሩ ውጤት ነው። «ዝቅተኛ ስጋት» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው የዓይን ቀጠሮውን ይሰርዛል፣ መድኃኒቱንም ያንጠባጥባል። «ከፍተኛ ስጋት» የተባለውም ሰው የሚታዘዝለት ያው ማንም ስኳር ያለበት ሰው ማድረግ ያለበት ነገር ነው። ውጤቱ በሁለቱም መንገድ ሕክምናዎን ካልቀየረ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?

የሚሠራው ነገር ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዲሲሲቲ የተባለ ጥናት አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ ስኳራቸው በጥብቅ በተያዘላቸው ላይ የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድል በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ዩኬፒዲኤስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ስኳር በትንንሾቹ የደም ስሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ስኳር ሲያዝ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ያው ጥናት የደም ግፊት በደንብ ሲያዝ የሬቲናው መባባስ በሲሶ ያህል እንደቀነሰም አሳይቷል። ግፊትዎን በጥያቄዎ ውስጥ አላነሱትም። ይለኩት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሳይጠየቁ እጅዎን ይዘርጉ። የሽንት ፕሮቲንና ክሬቲኒን የተባለውን የኩላሊት የደም ምርመራም ያሠሩ፤ ኩላሊትና ሬቲና ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚጎዱት።

የሦስት ወር ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ለምሳሌ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነና ኢንሱሊን ወይም ሴማግሉታይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት ሊጀመርልዎ ከሆነ፣ ዓይንዎ አስቀድሞ ይታይ። ስኳር በድንገት ሲወርድ ቀድሞ የተጎዳ ሬቲና ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ይህ መድኃኒቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ከርሞ የሚጠቅመው እሱ ነው። ዓይኑን ሳያዩ መጀመሩ ነው ስህተቱ።

እንዴት እንደሚታዩ ልንገርዎት። ስኳር ከሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፉ፤ ወረቀቱ ላይ «ለስኳር የሬቲና ምርመራ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «ዓይን ለመታየት» ብቻ ከተባለ መነጽር ተለክቶልዎት ሊመለሱ ይችላሉ። ሬቲና ሐኪም ከሚገኝባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ጉዞው ረጅም ስለሆነ በጠዋት ይነሱ። ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል። ብሌኑ እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ ሐኪሙ በደማቅ ብርሃንና በሌንስ ውስጡን ያያል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይመልከቱ ይባላሉ። የሚፈለገው የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀይ ነጥብ፣ ቢጫ የቅባት ክምችት፣ የደም ጠብታ፣ ነጭ ጉም የመሰለ ቦታ ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው አዲስ የበቀለ ደም ስር ነው። ማኩላው አብጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ ውፍረቱን ይለካል። ሲወጡ ለተወሰኑ ሰዓታት የቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ የቀትር ፀሐይም ያስቸግራል። ኮፍያ ወይም ጥቁር መነጽር ይያዙ፣ ሰው አብሮዎት ይሂድ፣ መኪና አይንዱ።

ሬቲናን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ያለበት ቦታ ከቀረበዎት እሱም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፎቶውን ራሱ አንብቦ ሐኪም ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚል የኮምፒውተር ሥርዓት ፈቅዷል። ለከተማ ዳርቻ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬ፣ ለሰበታና ለለገጣፎ ነዋሪ፣ ከማንኛውም የደም ምርመራ በፊት ሊደርስለት የሚገባው ይህ ካሜራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጤና ጣቢያ ላይ ቢቀመጥ ስንት ሰው ዓይኑ ይተርፋል።

ከታዩ በኋላ «ሌዘር» ቢባሉ አይሽሹ። «ሌዘር ዓይን ያጠፋል» የሚለው ወሬ የሚመጣው ሰው ከመሸ በኋላ ስለሚሄድ ነው፤ ሌዘሩ ሲደረግ በሽታው ርቆ ሄዷል። ዋና ሥራው የቀረውን ማዳን ነው፤ የጠፋውን እንዲመልስ አይጠበቅም። አዲስ ደም ስር ለበቀለበት ዓይን ከባድ የማየት መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ማኩላ ላበጠበት ደግሞ ቪኢጂኤፍን የሚያግድ መርፌ አለ። አቫስቲን የምንለው መጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የወጣ ነው፤ ዛሬ በጣም በትንሽ መጠን ዓይን ውስጥ ይሰጣል፣ ብዙ ሰውም እይታው ይሻሻልለታል። አንድ ጊዜ ተወግቶ ማቆም ግን አይሠራም፤ ተደጋጋሚ ቀጠሮ አለው።

ልጆችዎ ስኳር ከሌለባቸው የዓይን ዘረመል ምርመራ ምንም አያደርግላቸውም። እነሱን የሚጠቅማቸው ክብደታቸውን መጠበቅና፣ አያትም እናትም ስኳር ያለባቸው ስለሆነ፣ ካደጉ በኋላ በየጊዜው ስኳራቸውን መለካት ነው። የዲኤንኤ ምርመራ በእርግጥ የሚጠቅምበት ሌላ ሁኔታ አለ። ስኳሩ ከ25 ዓመት በታች የጀመረ፣ ሰውየው ቀጭን የሆነ፣ በቤተሰቡም ትውልድ ሳይዘል የወረደ ከሆነ በአንድ ጂን ለውጥ የሚመጣ ስኳር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ውጤቱ መድኃኒቱን ጭምር ሊቀይር ይችላል። ከጻፉት ስነሳ የእርስዎ ቤት ይህን አይመስልም።

ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም ደሙን መላክ ከፈለጉ መብትዎ ነው። ላብራቶሪውን ግን በጽሑፍ ይጠይቁት። የሚለካው የትኛውን ነው፣ ዲኤንኤ ነው ማይክሮ አርኤንኤ? በአፍሪካውያን ላይ ተፈትሿል? ደሜ በስንት ሰዓት ውስጥ ይለያል? ዲኤንኤዬን ማን ያስቀምጠዋል፣ ለሌላስ ይሰጣል? ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ላብራቶሪ ገንዘብዎን አይውሰድ።

ሬቲናዎ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በዓመቱ ይመለሱ። ቀላል ለውጥ ካለ ሐኪሙ እንደ ደረጃው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቀጥርዎታል። ከባድ ከሆነ ወይም ማኩላው ካበጠ ግን የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ «ከበዓል በኋላ» አይባልም። ከቀጠሮው በፊት በአንዱ ዓይንዎ ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከበዛ፣ ብልጭታ ካዩ፣ መጋረጃ እንደወረደ ከጎን ከጨለመብዎ ወይም ቀጥ ያለ የበር ጠርዝ ተጣሞ ከታየዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ። እያንዳንዱን ዓይን በየተራ በእጅዎ ሸፍነው ይመልከቱ፤ ሁለቱ ሲከፈቱ አንደኛው የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።